ዓባይ ማዶ ባለው ግቢያችን የዋይፋይ ካሜራ ከሰቀልን ወዲህ ያየሁት

የገዛሁት በንዴት ነው። ሰኔ 2014 ላይ፣ ዝናቡ ገና ሲጀማምር፣ የወንድሜ ባጃጅ ግቢያችን ውስጥ እንደቆመች ባትሪዋን በሌሊት ፈተው ወሰዱት። ጠዋት ሥራ ሊወጣ ቁልፉን ቢያዞር ምንም የለም። ከፍቶ ሲያይ የተቆረጠ ገመድ ብቻ ተንጠልጥሏል። ያን ቀን ሳይሠራ ዋለ። እማዬ ከዚያ በኋላ ለሁለት ሳምንት ያህል እንቅልፍ የሚባል አልነበራትም፤ ውሻ በጮኸ ቁጥር ተነሥታ መስኮቱ ጋ ትቆማለች። እኔ የምሠራው ከድልድዩ ወዲያ፣ ባሕር ዳር ከተማው ውስጥ ነው። ቀን እሷ ብቻዋን ናት፣ ማታ ሁላችንም ስጋት ላይ ነን። በሦስተኛው ሳምንት ሁለት የዋይፋይ ካሜራ ገዝቼ ገባሁ።

ሰሞኑን ሦስት ሰው ስለ ካሜራ ጠይቆኛል። አንዷ ሽምብጥ ቤት ሠርታ የገባች ጓደኛዬ ናት፤ አንዱ ፔዳ አካባቢ ሱቅ ያለው ልጅ ነው፤ ሦስተኛዋ አክስቴ ናት። ሦስቱም "የትኛው ይሻላል?" ነው ያሉኝ። ሞዴል መርጬ ብነግራቸው ደስ ይለኝ ነበር። ግን እስካሁን ስጠቀምበት የገባኝ ነገር ቢኖር ካሜራው ራሱ የነገሩ ግማሽ እንኳ አለመሆኑ ነው። የቀረው መብራታችሁ፣ ኔታችሁ፣ አጥራችሁና አብረዋችሁ የሚኖሩት ሰዎች ናቸው። ስለዚህ የደረሰብኝን እንዳለ ልጻፈው፤ ለግቢያችሁ የሚሆነውን እናንተ ትመርጣላችሁ።

መጀመሪያ "ገመድ አልባ" የሚለውን እንፍታው። ገመድ የማያስፈልገው ምስሉን ለመላክ ብቻ ነው። መብራት ይፈልጋል። የኔዎቹ ባለ 5 ቮልት አዳፕተር አላቸው፤ አብሮ የሚመጣው ገመድ ደግሞ ሦስት ሜትር አይሞላም። ስለዚህ ካሜራው የተሰቀለው ሌባ በሚገባበት ሳይሆን ሶኬት ባለበት ሆነ። እኛ ቤት ውጭ ያለው ሶኬት በረንዳው ላይ አንድ፣ ሰርቪሱ ግድግዳ ላይ አንድ ነው። ወንድሜ በድሪል በስቶ፣ ፊሸር መትቶ፣ በግማሽ ቀን ሁለቱንም ሰቀላቸው። ይህ ትልቅ ጥቅም ነው። ግድግዳ አይፈርስም፣ ቱቦ አይቀበርም፣ ባለሙያ አይጠራም፤ በአንድ ቅዳሜ ጠዋት ሥራው ያልቃል። ተከራይ ከሆናችሁ ደግሞ ስትለቁ ነቅላችሁ ይዛችሁት ትሄዳላችሁ።

የበረንዳው ወዲያው ሠራ። የሰርቪሱ ግን አስቸገረን። ምስሉ ይመጣል፣ ይቆማል፣ ደግሞ ይመጣል። ካሜራው ተበላሽቷል ብዬ ልመልሰው ነበር። ስናጣራ ችግሩ ቆርቆሮው ሆኖ ተገኘ። ራውተሩ ሳሎን ነው ያለው፤ ከሱ እስከ ሰርቪሱ ሁለት የብሎኬት ግድግዳና አንድ የቆርቆሮ ከለላ አለ። ብሎኬት ዋይፋይን ያዳክመዋል፤ ቆርቆሮ ግን ይመልሰዋል። የብረት በርም እንደዚያው ነው። ራውተሩን ከቴሌቪዥኑ ጀርባ አውጥተን መስኮቱ አጠገብ ከፍ አድርገን ስንሰቅለው ተስተካከለ። ሌላም አለ። ብዙዎቹ ረከስ ያሉ ካሜራዎች የሚገናኙት በ2.4 ጊጋኸርዝ ብቻ ነው። ራውተራችሁ 5 ጊጋኸርዝም ካለውና ሁለቱን በአንድ ስም የሚያወጣ ከሆነ፣ ካሜራው መጀመሪያ ሲገናኝ እምቢ ሊላችሁ ይችላል። ያኔ 5ቱን ለጊዜው አጥፉት። ግድግዳ አልፎ ለመሄድም 2.4ቱ ይሻላል።

ከመግዛታችሁ በፊት አንድ ነገር ሞክሩ። ካሜራው ይሰቀልበታል ያላችሁት ቦታ ላይ ስልካችሁን ይዛችሁ ቁሙ። የሞባይል ዳታውን አጥፉና በቤታችሁ ዋይፋይ ብቻ ለአምስት ደቂቃ ቪዲዮ ደውሉ። በሮቹ ሁሉ ዝግ ይሁኑ፣ እንደ ሌሊት። እዚያ ላይ ከተቆራረጠ ካሜራውም ይቆራረጣል።

ከዚያ ክረምቱ ገባ። የባሕር ዳርን ክረምት የምታውቁ ታውቁታላችሁ። ሰማዩ ከጣና በኩል ጠቁሮ ይመጣል፣ መብረቁ ይጀምራል፣ መብራት ይሄዳል። መብራት ሲሄድ ካሜራው ይጠፋል፤ ራውተሩም አብሮ ይጠፋል። ሰፈሩ በሙሉ ድቅድቅ ጨለማ ሲሆን፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበ ኮቴ በማይሰማበት ሰዓት፣ ልክ ያኔ ካሜራችን ዓይኑን ይጨፍናል። ሌባም የሚመርጠው ያንኑ ሰዓት ነው። የወንድሜ ባትሪ የተወሰደውም መብራት በሌለበት ሌሊት ነበር። ይህን ሳስበው ብሬን ውኃ ውስጥ የጣልኩት መሰለኝ።

መፍትሔ አለው፣ ግን ማስላት ይፈልጋል። መብራት ሲሄድ በራሷ ባትሪ ለራውተሩ 12 ቮልት የምትሰጥ ትንሽዬ ዩፒኤስ ገዛን። ላይዋ ላይ 10,000 ሚሊአምፒር ሰዓት ይላል። ቁጥሩ አያታላችሁ። ውስጧ ያለው ባትሪ 3.7 ቮልት ስለሆነ ጠቅላላው 37 ዋት ሰዓት ነው፤ የሚባክነው ሲቀነስ 30 ገደማ ይቀራል። ራውተሩ 8 ዋት፣ ካሜራው 5 ዋት ቢወስዱ ሁለት ሰዓት ከትንሽ ነው የምታቆያችሁ። እኛ ሰፈር ደግሞ መብራቱ ሄዶ የሚያድርበት ሌሊት አለ። ስለዚህ ዩፒኤሷን ለራውተሩ ብቻ ትተን ለእያንዳንዱ ካሜራ ባለ 20,000 ፓወር ባንክ ሰጠነው። ይሄኛው 74 ዋት ሰዓት ነው፤ አንድ ካሜራ ይዞ አሥራ ሁለት ሰዓት ገደማ ይቆያል። ራውተሩ ቀድሞ ቢጠፋ እንኳ ካሜራው ሚሞሪው ላይ መቅረፁን ይቀጥላል።

ፓወር ባንክ ስትገዙ እየሞላ መስጠት የሚችል መሆኑን ጠይቁ። አንዳንዱ ቻርጅ ላይ ሲሰካ መስጠቱን ያቆማል። አንዳንዱ ደግሞ መብራት ሲሄድ ለአፍታ ያቋርጥና ካሜራው እንደገና ተነሥቶ እስኪገናኝ ድረስ ደቂቃ ያልፋል። ሱቁ ውስጥ ሰክታችሁ፣ ነቅላችሁ፣ በዓይናችሁ እዩት። ከቆርቆሮ ሥር፣ ፀሐይ የሚመታው ቦታ ላይም አታስቀምጡት፤ እኛ ገመዱን በመስኮት አስገብተን ፓወር ባንኩን ቤት ውስጥ አደረግነው። መብራት ሲመለስ ኃይሉ ዘሎ ይመጣና አንድ አዳፕተር አቃጥሎብናል። ዲቫይደር ብቻውን አይከላከልም። አሁን ሁሉም በስታቢላይዘር በኩል ነው።

"ሶላሩን ለምን አልገዛሽም?" የሚለኝ አይጠፋም። ጎረቤታችን ገዝቷል። በጋውን ሙሉ ግሩም ነው፤ ፀሐይ አለ፣ ገመድ የለም፣ መብራት መጣ ሄደ አያሳስበውም። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ግን ደመናው ቀኑን ሙሉ ሲከርም ባትሪው እየወረደ ሄዶ ጠፋበት። ደግሞ የባትሪ ካሜራ ሁልጊዜ አይቀርፅም። ተኝቶ ነው የሚቆየው። የሰው ሙቀት ፊቱ ሲያልፍ ይነቃል፤ እስኪነቃ አንድ ሁለት ሰከንድ ስለሚያልፍ አንዳንዴ የሚይዘው የሰውየውን ጀርባ ብቻ ነው። እንደ እኔ ሶላሩ መብራት ላልገባበት ቦታ፣ ለአትክልት ማሳ፣ ለጅምር ግንባታ ነው የሚሆነው።

ማሳወቂያው ሌላ ጣጣ ነው። በመጀመሪያው ሳምንት ስልኬ ቀኑን ሙሉ ሲጮህ ዋለ። "እንቅስቃሴ ታይቷል" ይላል። ከፍቼ ሳይ የሙዝ ቅጠል ነው። ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ሲነሣ ሙዙ ይወዛወዛል፣ ካሜራው ሰው አየሁ ይላል። ሌሊት ደግሞ ትንኝ ነው። የሐይቅ ዳር ከተማ ላይ ትንኝ መቼም አይታጣም፤ ሌንሱ ፊት ስታልፍ ካሜራው ሌሊት በሚያበራው፣ ለዓይን በማይታየው የኢንፍራሬድ ብርሃን ትልቅ ነጭ ኳስ መስላ ትታያለች። ሸረሪቱም ካሜራው ላይ ማድራት ይወዳል። አንድ ቀን ቆጠርኩ፤ ከአርባ በላይ ማሳወቂያ ነበር። ከዚያ ሌሊት ሌሊት ድምፁን አጠፋሁት። ይህን ልብ በሉ፤ ኋላ ዋጋ አስከፍሎኛል።

የካቲት 2015 ላይ ዳይናሞአችን ተሰረቀ። ውኃ ወደ ታንከሩ የሚገፋው ማለቴ ነው። ማሳወቂያው ሌሊት መጥቷል። እኔ ግን አልሰማሁም። ጠዋት እማዬ ቧንቧ ስትከፍት ውኃው እምቢ አላት፤ ሄደን ስናይ ቦታው ባዶ ነው፣ ቧንቧው ተቆርጧል።

ወዲያው ሰዉ ሁሉ አንድ ልጅ ላይ ጣቱን ቀሰረ። ከሦስት ቀን በፊት ግቢውን ሲቆፍርልን የዋለ የቀን ሠራተኛ ነው። ከገጠር የመጣ፣ ጭምት፣ ለሰው ዓይን እንኳ የሚያፍር ልጅ። ዳይናሞው የት እንዳለ አይቷል። ውኃ ሲጠጣ እዚያው አጠገብ ነበር። ጎረቤቱ ተሰብስቦ "እሱ ነው እንጂ ሌላ ማን ያውቃል?" አለ። ሁለት ጎረምሶች ከሚያድርበት ሄደው ሊያመጡት ተነሡ። እንዴት አድርገው እንደሚያመጡት ታውቁታላችሁ። እማዬም አምናለች፤ እኔም እውነቱን ልናገር ግማሽ በግማሽ አምኛለሁ። ብቻ "እባካችሁ ቆዩ፣ መጀመሪያ ካሜራውን ልይ" አልኳቸው።

በረንዳው ላይ ቆመን፣ ሁላችንም አንድ ስልክ ላይ ተደፍተን አየነው። ሰውየው ረጅም ነው። ትከሻው ሰፊ ነው። ልጁ ከዚያ ሰውዬ ብብት በታች ነው የሚቀረው። ደግሞ በዋናው በር አልመጣም፤ ከሰርቪሱ ጀርባ፣ ባዶው ቦታ በኩል ካለው አጥር ነው የገባው። አንዱ ቆርቆሮ ምስማሩ ለቅቋል። ገፋ አደረገው፣ ገባ፣ በዘጠኝ ደቂቃ ውስጥ ይዞ ወጣ። ጎረምሶቹ ዝም ብለው ወደየቤታቸው ሄዱ።

ልጁን ማንም ሳይነካው ቀረ። በዚያው ሳምንት የቀረውን ሊቆፍር መጣ። እማዬ ምሳ አቀረበችለት፣ እስኪበላ አጠገቡ ተቀመጠች፣ ከዚያ "ልጄ፣ ይቅር በለኝ፤ በልቤ አምቼሃለሁ" አለችው። እሱ ምን እንደሆነ አላወቀም፤ "ኧረ እማማ" ብሎ አንገቱን ደፋ። እሷ አለቀሰች። ካሜራ ሻጮች ስለ ሌባ ነው የሚያወሩት። ስለዚህ ግን ማንም አያወራም። ያ ቪዲዮ ባይኖር ያን ልጅ ምን እንዳደረግነው ሳስበው ዛሬም ይዘገንነኛል። ለዚያች አንዲት ጠዋት ብቻ ስል የከፈልኩት ብር አይቆጨኝም።

ሌባውስ? አልተያዘም። ፊቱ አልታየም። ይህ የኛ ጥፋት ነው፤ ካሜራውን ማንም እንዳይደርስበት ብለን ጣሪያው ሥር፣ አራት ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ነበር የሰቀልነው። ከዚያ ሆኖ የሚያየው የሰው ኮፍያ ነው። ደግሞ "ፉል ኤችዲ" የሚለው ቃል ያዘናጋል። የምስሉ ወርድ 1,920 ነጥብ (ፒክስል) ነው፤ እሺ። ግን 100 ዲግሪ የሚያይ ሰፊ ሌንስ 10 ሜትር ላይ ሲደርስ ወደ 24 ሜትር ስፋት ያለው ቦታ ይሸፍናል። ነጥቦቹን ለ24 ሜትር አካፍሏቸው፤ ለአንድ ሜትር 80 ነው የሚደርሰው። የሰው ፊት ስፋቱ 16 ሴንቲሜትር ቢሆን በ13 ነጥብ ብቻ ነው የሚሳለው። በ13 ነጥብ ወንድማችሁንም አትለዩትም። የማያውቁትን ሰው ከቪዲዮ ለመለየት በሜትር 250 ነጥብ ያስፈልጋል የሚለው በሙያው የተለመደ መለኪያ ነው፤ ይህን በእንዲህ ዓይነት ካሜራ የምታገኙት ሰውየው 3 ሜትር ሲቀርብ ነው። ስለዚህ አንዱን ካሜራ ሰፊውን ግቢ እንዲያይ ከፍ አድርጉት፤ ሌላውን ግን ሰው የግድ በሚያልፍበት ጠባብ ቦታ፣ ከሁለት ሜትር ተኩል እስከ ሦስት ሜትር ከፍታ ላይ ስቀሉት። የኛ ሁለተኛው አሁን እንዲህ ነው፣ በሩ ላይ።

ፖሊስ ጣቢያ ቪዲዮውን በፍላሽ ይዤ ሄድኩ። መርማሪው በትዕግሥት አየው። ሰዓቱ 07:52 ይላል። ሌሊት ስለሆነ ከሌሊቱ 7:52 ብዬ ቃሌን ሰጠሁ፤ እሱም ያንኑ ጻፈ። ከሰርቪሱ ተከራዮቻችን አንዷ ደግሞ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ መጸዳጃ ቤት ስትወጣ ዳይናሞው ቦታው ላይ እንደነበር በእርግጠኝነት ተናገረች። ታዲያ ማን ነው ትክክል? መርማሪው ወደ እኔ አየ፣ እኔ ወደ እሷ አየሁ። ልጅቷን ተጠራጠርኳት፤ አፍራለሁ ግን ሆኗል። ማታ ቤት ገብቼ የካሜራውን ማስተካከያ ስከፍት ነገሩ ተገለጠ። ካሜራው ከፋብሪካ ሲወጣ በነበረበት የቻይና ሰዓት ላይ ነው ያለው። ቻይና ከኛ በአምስት ሰዓት ትቀድማለች። 07:52 ማለት በፈረንጅ አቆጣጠር የኛ 02:52 ነው፤ በኛ አቆጣጠር ከሌሊቱ 8:52። ልጅቷ ትክክል ነበረች። በማግስቱ ሄጄ ቃሌን አስተካከልኩ። እባካችሁ ካሜራውን የሰቀላችሁ ቀን የሰዓት ክልሉን አዲስ አበባ ወይም ናይሮቢ ላይ አድርጉት፤ ሁለቱም አንድ ናቸው። ቀኑም በፈረንጅ መሆኑን አትርሱ። ለፖሊስ ስትሰጡ ደግሞ በኛና በፈረንጅ ሁለቱንም ጽፋችሁ ስጡ።

ቪዲዮውን ቶሎ ማውጣትም አለባችሁ። ሚሞሪ ካርዱ ሲሞላ ካሜራው ከአሮጌው እየጀመረ ይደመስሳል። የኛ 64 ጊጋባይት ነው። ሳያቋርጥ በሰከንድ 1 ሜጋቢት ቢቀርፅ በቀን 10.8 ጊጋባይት ይወስዳል፤ ስድስት ቀን አይሞላም። ምስሉ ጥራት ሲጨምር ወደ ሦስት ቀን ይወርዳል። ጎረቤታችን ያቆማት ሞተር ተገጭታ በስምንተኛው ቀን መጥቶ ሲጠይቀኝ የምሰጠው አልነበረኝም። ካርዱን ራሱን ስትገዙም ለካሜራ ተብሎ የተሠራውን፣ ብዙ ጊዜ ቢጻፍበት የሚችለውን ውሰዱ፤ ተራው በዓመት ውስጥ ሞቶብናል፣ መሞቱንም ያወቅነው ስንፈልገው ነው። በወር አንድ ጊዜ የድሮ ቪዲዮ ከፍታችሁ እዩ። እና ካርዱ ያለው ካሜራው ውስጥ ስለሆነ ካሜራውን ነቅሎ የሄደ ሰው ማስረጃውንም ይዞ ይሄዳል። ቪዲዮውን በኢንተርኔት ልኮ ሌላ ቦታ የሚያስቀምጠው፣ ክላውድ የሚባለው ለዚህ ነበር የሚጠቅመው፤ ግን ወርኃዊ ክፍያው በዶላር ነው፣ በውጭ ካርድ ነው፣ ለኛ ቀላል አይደለም። እኛ ያደረግነው ሁለቱ ካሜራዎች እርስ በርስ እንዲተያዩ ማዞር ነው። አንዱን የነካ ሌላው ላይ ይቀረፃል።

ከዚያ የሐምሌ 2015 መጨረሻ መጣ። በክልላችን የሞባይል ዳታ ተቋረጠ፣ ለወራትም ቆየ። የኛ ራውተር በሲም ካርድ የሚሠራ ነበር። ሥራ ቦታ ሆኜ ቤቴን ማየት ቀረ። ይባስ ብሎ ቤት ውስጥ ተቀምጬ፣ በራሴ ዋይፋይ ላይ ሆኜ እንኳ አንደኛው ካሜራ አልከፍት አለ፤ አፑ መጀመሪያ ውጭ አገር ካለ ሰርቨር ፈቃድ መጠየቅ ስላለበት። ሁለተኛው ግን ኔት ሳይኖር በቤቱ ዋይፋይ ብቻ ይከፈታል። ስገዛቸው ይህን ልዩነት አላውቅም ነበር። ያለ ኔት የማይከፈተውን ለማየት መሰላል አቁሜ ካርዱን አውጥቼ ኮምፒውተር ላይ እሰካ ነበር። ሰዓቱም ተዛባ፤ ሰዓቱን የሚያስተካክለው በኢንተርኔት ስለሆነ መብራት ሄዶ በመጣ ቁጥር ወደ 1970 ይመለሳል። ስለዚህ ሻጩን መጀመሪያ የምትጠይቁት ይህ ይሁን፤ "ኔት ባይኖር ቤት ውስጥ ሆኜ ማየት እችላለሁ ወይ?" "ኦንቪፍ" የሚባለውን፣ የተለያዩ ድርጅቶች ካሜራዎች የሚግባቡበትን የጋራ ደንብ፣ ከተቀበለ አብዛኛውን ጊዜ ይቻላል። ያላመናችሁ እንደሆነ ራውተሩ ላይ ያለውን ሲም አውጡና ሞክሩት።

አሁን ስለ ሰው። ይህ ከሁሉም ይበልጥ ያሳሰበኝ ነው።

እማዬ መጀመሪያ ደስ አላት። ከሥራ ቦታ ሆኜ በካሜራው ድምፅ ማጉያ "እማዬ፣ መድኃኒትሽን ዋጥሽ?" ስላት ትስቅ ነበር። እኔም ልቤ ያርፍ ነበር። ቆይቶ ግን አንድ ነገር አስተዋልኩ። ጎረቤቶቻችን ከሰዓት ቡና የሚጠጡት እኛ በረንዳ ላይ ነው። ካሜራው ድምፅ እንደሚቀዳ ካወቁ በኋላ ወሬው ቀዘቀዘ። አንድ ቀን እማዬ ጠርታኝ "ልጄ፣ እትዬ ከባሏ ጋር ስለተጣላችው ልታጫውተኝ ጀምራ ካሜራውን አየችና ዝም አለች። ቤቴን የቡና ቤት ነው ወይስ የፍርድ ቤት ያደረግሽብኝ?" አለችኝ። አላመነታሁም። የድምፅ መቅጃውን በዚያው ሰዓት አጠፋሁ፤ ካሜራውንም ከጀበናው ወደ በሩ አዞርኩት። ቤት ውስጥ ካሜራ ላስገባ ሳስብ ደግሞ ጭራሽ እምቢ አለች። ልክ ናት። እሷን ለማየት ደውዬ ማግኘት እችላለሁ።

ተከራዮቹም አሉ። ሰርቪሱ ውስጥ ሁለት ተማሪዎች ይኖራሉ፤ መታጠቢያውና መጸዳጃው ግቢው ውስጥ ነው። ካሜራውን ስሰቅል አጥሩን ብቻ ነበር የማየው። ከወር በኋላ አንዷ በትሕትና "እታለም፣ ካሜራው የሻወሩን በር ያያል ወይ?" አለችኝ። ከፍቼ አሳየኋት። ያያል። ፎጣ ለብሰው ሲወጡ ሲገቡ ሁሉ ተቀርጿል፤ ስልኩም የኔ ብቻ አይደለም፣ ወንድሜም ያየዋል። በቁሜ ደነገጥኩ። ልጅቷ አንድ ወር ሙሉ ይህን ይዛ ዝም ማለቷ ይበልጥ አሳዘነኝ። የዚያኑ ዕለት ያለውን ሁሉ ደመሰስኩ፣ ካሜራውን አዞርኩ፣ የቀረችውንም ጥግ አፑ ውስጥ ባለው ጥቁር መሸፈኛ ሸፈንኳት። የኛ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 26 የእያንዳንዱ ሰው የግል ሕይወት እንዲከበር ይላል፤ በ2016 ደግሞ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 ወጥቷል። ግን ለዚህ አዋጅ አያስፈልግም። ካሜራውን ከመስቀላችሁ በፊት በግቢው ያሉትን ሰዎች ሁሉ ጠርታችሁ ስልካችሁ ላይ የሚታየውን አሳዩአቸው። የጎረቤት በርና መስኮት ከገባ አዙሩት።

ፓስወርድ ላይም አትቀልዱ። በፈረንጆቹ 2016 ሚራይ የተባለ ተንኮለኛ የኮምፒውተር ፕሮግራም ከፋብሪካ የመጣውን ፓስወርድ ያልቀየሩ ካሜራዎችንና ራውተሮችን እየፈለገ በብዙ ሺህ ይዟል። የናንተም ካሜራ "አድሚን" እና "123456" ላይ ካለ በሩ ክፍት ነው። ቀይሩት፤ የራውተሩንም ቀይሩ። ባለ ሁለት ደረጃ ማረጋገጫ ካለው አብሩት። ካሜራውን የገጠመላችሁ ሰው በራሱ ስልክ መዝግቦት ከሆነ እሱም ያያችኋል፤ አስወጥታችሁ በራሳችሁ ስልክ እንደ አዲስ መዝግቡት። ስትሸጡት ወይም ለሰው ስትሰጡት ደግሞ ካርዱን አውጡ፣ ወደ ፋብሪካ ሁኔታው መልሱት።

ያቺ የተነቀለች ቆርቆሮ ከዓመት በላይ እንደዚያው እንደነበረች ኋላ ነው የገባን። የባጃጇ ባትሪም በዚያው ሳይወጣ አልቀረም። አጥሩን ያጠበቀልን ያው የቀን ሠራተኛው ልጅ ነው፤ ወንድሜ አንግል ብረት አምጥቶ አብረው አሠሩት። አዲሱን ዳይናሞ በብረት ሳጥን ውስጥ አስገብተን ሲሚንቶ ላይ አሰርነው። ከሰርቪሱ ጀርባ አንድ አምፖል አደረግን። እስካሁን ከዚያ ወዲህ የገባብን የለም፤ የካሜራው ይሁን የአጥሩ አላውቅም፣ እኔ ግን አጥሩን ይበልጥ አመሰግናለሁ። ማሳወቂያውንም ሰው ሲታይ ብቻ እንዲመጣ አድርጌ፣ የሙዙን በኩል ካሜራው ከሚከታተለው ቦታ አውጥቼ፣ ድምፁን መልሼ ከፍቼዋለሁ። ቅዳሜ ቅዳሜ መጥረጊያ ይዤ ድሩን እጠርጋለሁ።

አሁን የምናስበው የበሩን ካሜራ በገመድ ለመቀየር ነው። በአንድ የኔትወርክ ገመድ መብራቱም ምስሉም ይሄዳል፣ እስከ 100 ሜትር ድረስ፤ ዋይፋይ ቢቆራረጥ አይነካውም፤ መቅረጫውም ቤት ውስጥ ተቆልፎበት ይቀመጣል። ቱቦ መቅበር አለበት፣ ወጪውም ከፍ ይላል። ወንድሜ ከፋሲካ በኋላ እንቆፍራለን ብሏል። የበረንዳው ዋይፋዩ እንዳለ ይቀራል።